በርቶ መልስ የማይሰጥ ላፕቶፕ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ከየክበቡ አንዳንድ ንግግር እንዲደረግ በታዘዘ ጊዜ፣ የኮምፒዩተር ክበብ ስለ መጪው ዘመን ታላላቅ ነገሮች ይናገራል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኝ አንድ ችግር ለመናገር መረጥን። ይኸውም ማብሪያው ሲጫን መብራቱ የሚበራ፣ ማራገቢያውም የሚዞር፣ ነገር ግን ቢነኩት መልስ የማይሰጥ ላፕቶፕ ነው።

ጨርሶ የማይበራ ላፕቶፕ ነገሩ ይቀላል፤ ቻርጀሩ ነው፣ ባትሪው ነው፣ ወይም የኤሌክትሪክ መግቢያው ነው ተብሎ ጥያቄው ቶሎ ይጠባል። በርቶ መልስ የማይሰጠው ግን ሰውን ሁሉ ያከራክራል። አንዱ «ትንሽ ታገሡት፣ ይነሣል» ይላል፤ ሌላው «አለቀለት፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር ማብሪያውን 10 ጊዜ ይጫናል። ሦስቱም ላፕቶፑን ገና ምንም አልጠየቁትም።

ነገሩን እንደ ቀላል የሚቈጥር ሰው ካለ የሚከተለውን ልብ ይበልልን። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንዱ ተማሪ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ በኛ ዕድሜ ላለ ሰው ከደብተርና ከእስክሪብቶ ተራ ገብቷል ማለት ይቻላል። እስክሪብቶ ቢነጥፍ ከሱቅ ሌላ ይገዛል፤ ላፕቶፕ ግን ለብዙው ቤተ ሰብ የብዙ ወራት ቍጠባ ነው፤ ወይም በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር የምትኖር እኅት ደክማ ሠርታ በሰው እጅ የላከችው ነው። በቤትም ውስጥ አንድ ብቻ ይሆንና ታላቅየው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ታናሽየው የፈተና ጥያቄዎቹን፣ አባት የዕድሩን ሒሳብ፣ እናት የሠርጉን ፎቶግራፍ ያኖሩበታል። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ዝም ባለ ጊዜ የሚቆመው የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ላፕቶፕ ሲነሣ ምን ምን እንደሚያደርግ አስቀድመን እንናገር። ማብሪያው በተጫነ ጊዜ ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ ይገባል፤ መብራቷ የምትበራውና ማራገቢያው የሚዞረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ባዮስ የሚባለው፣ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም፣ መሣሪያውን ይፈትናል፤ ፕሮሰሰሩ ደኅና ነውን? ራሙ በቦታው አለን? ስክሪኑስ? ኪቦርዱስ? እያለ ይጠይቃል። ፈተናው ሲያልፍ ወደ ዲስኩ ሄዶ ዊንዶውስን ይጠራል፤ ዊንዶውስም በራሙ ላይ ይሰፍርና ስክሪኑን ይረከባል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች የሚፈጸም ስለ ሆነ አንድ ሥራ ይመስለናል እንጂ፣ ነገሩ እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። የመጀመሪያው ሯጭ መነሣቱ የመጨረሻው መድረሱን አያስረዳም። ያቺ የበራች መብራት የምትነግረን የመጀመሪያው ሯጭ መነሣቱን ብቻ ነው። ዱላው ከማን እጅ እንደ ወደቀ ማወቅ የመርማሪው ሥራ ነው።

ለዚህም በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ አይደለም፤ ዓይንና ጆሮ፣ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነው። መቼ ቆመ? ከመቆሙ በፊት ምን ይሠራበት ነበር? መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበርን? አዲስ ነገር ተሰክቶበት ነበርን? የቱ መብራት በራ፣ ስንት ጊዜስ ብልጭ አለ? ይህን መጻፍ የልጅ ሥራ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1947 መስከረም 9 ቀን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር በተሰናከለ ጊዜ፣ የሚሠሩበት ሰዎች ከአንዱ የኤሌክትሪክ መገናኛ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት አወጡ፤ እሷንም በዕለቱ መዝገብ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ሰዓቱን ጻፉበት። መዝገቡ እስከ ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ክፍል ሙሉ ነበረ፤ የዛሬው በቦርሳ ይያዛል፤ የመመርመሪያው ሥርዓት ግን እምብዛም አልተለወጠም። (በነገራችን ላይ፣ በኛ አገር ከላፕቶፕ ውስጥ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የእሳት ራት ሳይሆን በረሮ ነው።)

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ላፕቶፑ በእውነት ዝም ብሏልን? ወይስ እየተናገረ እኛ አላየነውም?

ይህን የሚለየው ፈተና ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ ሴኮንድ ብቻ ይወስዳል። በኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ መጫን ነው። በብዙ ላፕቶፖች በዚህ ቁልፍ ላይ ወይም አጠገቡ ትንሽ መብራት አለች፤ ይህችም መብራት በፕሮግራም ትእዛዝ እንጂ ቁልፉ ስለ ተጫነ ብቻ አትበራም። እንግዲህ ሲጫን የምትበራ፣ ዳግመኛ ሲጫን የምትጠፋ ከሆነች፣ ስክሪኑ እንደ ከሰል ቢጠቍርም እንኳ የላፕቶፑ አእምሮ እየሠራ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ስክሪኑ ይዞራል። መብራቷ ፈጽማ የማትንቀሳቀስ ከሆነች ግን ዱላው የወደቀው ከዚያ በፊት ነው።

ጥርጣሬው ወደ ስክሪኑ ከዞረ፣ በመጀመሪያ የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ መጫን ነው፤ ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተቀንሶ የተገኘ ላፕቶፕ አጋጥሞን ያውቃል። ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ቢ» በአንድነት ሲጫኑ ዊንዶውስ የስክሪኑን ሥራ የሚመራውን ፕሮግራም እንደ ገና ያስነሣል፤ የጢጥ ድምፅ ከተሰማ አሁንም አእምሮው አለ። ከዚያም ክፍሉን አጨልሞ የስልክን መብራት ወደ ስክሪኑ በአግድም ማብራት ነው። ስክሪን ማለት ምስል የሚሥለው ክፍልና ከጀርባው የሚያበራለት መብራት በአንድነት ናቸውና፣ የጀርባው መብራት ብቻ ሲጠፋ ምስሉ እንደ ጥላ ሆኖ ይታያል። በመጨረሻም በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋራ ማያያዝ ነው፤ ምስሉ ካልመጣ የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን በአንድነት ተጭኖ መሞከር ያስፈልጋል።

ይህ ፈተና ምን ያኽል ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ባለፈው ዓመት ያየነውን እንናገራለን። የአንድ ጓደኛችን እኅት ዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ 12 ቀን ሲቀራት ላፕቶፗ በርቶ ጨለመባት። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። በዚያ ያለው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ካየው በኋላ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ በውስጡም ያለው ጽሑፍ አይገኝም ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ነገራት። ልጅቷ የሁለት ዓመት ንባቧን የጻፈችበትን ሥራ እንደ ቀበረችው ሰው ሆና ወደ ቤቷ ገባች። ከክበባችን ሦስት ልጆች ሄድን። ካፕስ ሎክን ስንጫን መብራቷ በራች፤ ስንጫን ጠፋች። ክፍሉን አጨልመን በስልክ መብራት አግድም ስናይ የመግቢያው ገጽ እንደ ጉም ሆኖ ታየን፤ የይለፍ ቃል መጻፊያውም ሳይቀር ይለይ ነበር። ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋራ አያያዝነውና ልጅቷ የይለፍ ቃሏን ጻፈች። 74 ገጽ የሆነው ጽሑፏ ወላጆቿ ዜና በሚያዩበት በዚያ ሰፊ መስታወት ላይ ወጣ። እናቷ እልል አሉ። ወዲያው በሁለት ፍላሽ ገልብጠን ሦስተኛውን ወደ ኢሜይሏ ላክን። የተበላሸው ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ሲሆን፣ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ በማጠፊያው አጠገብ ተልጦ ኖሯል፤ ሌላ ባለሙያ ለውጦላት እስከ ዛሬ ትሠራበታለች።

ስክሪኑ በርቶ ምስሉ ብቻ የደረቀ፣ እኛ «ስታክ አደረገ» የምንለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የማውሱ ቀስት ከቆመ በዩኤስቢ የሚሰካ ማውስ መሞከር፣ ቀጥሎም ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን በአንድነት መጫን ነው፤ ሰማያዊ ገጽ ከመጣ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ያመፀው፤ እሱን መዝጋት ይበቃል። ዊንዶውስ አዲስ እርማት እየጫነ እንደ ሆነና እንዳይጠፋ የሚለምን ጽሑፍ ከታየ ግን መታገሥ ግድ ነው፤ በአሮጌ ዲስክ ላይ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቻርጀሩን ሰክቶ ቡና ማፍላት ይሻላል። ሁልጊዜ ሲበራ ደኅና ሆኖ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚደርቀው ደግሞ በሙቀት ይጠረጠራል፤ በአልጋ ልብስ ላይ የሚቀመጥ፣ የበጋውም አቧራ የማራገቢያውን መተንፈሻ የደፈነበት ላፕቶፕ ጠባዩ ይህ ነው።

ካፕስ ሎክም ዝም ካለ፣ ስክሪኑም ከጠቈረ፣ ቀጥሎ የሚደረገው ላፕቶፑን ፈጽሞ ማሳረፍ ነው። ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ተጭኖ ማጥፋት፤ ቻርጀሩን መንቀል፤ ፍላሽ፣ ማውስ፣ የሜሞሪ ካርድ፣ የተሰካ ነገር ሁሉ ማውጣት፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፤ ከዚያም ኤሌክትሪክ በሌለበት ማብሪያውን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ከዚህ በኋላ ቻርጀሩን ብቻ ሰክቶ ማብራት። በአንዳንድ የሌኖቮ ቲንክፓዶች ሥር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በወረቀት ማያያዣ ጫፍ የሚነካ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ምክንያቱን ለሚጠይቅ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ማብሪያውን፣ ባትሪውን፣ ማራገቢያውንና ኪቦርዱን የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ተቈጣጣሪ ቺፕ አለ። ይህ ቺፕ ላፕቶፑ ቢጠፋም ከባትሪው እየቀመሰ ነቅቶ ያድራል፤ መብራት ድንገት ሄዶ በመጣ ጊዜም ግራ ተጋብቶ እንደ ተጋባ ሊቀር ይችላል። የቀረውም ኤሌክትሪክ ሲንጠፈጠፍ ሥራውን ከአንድ ይጀምራል። ይህ እንደ አስማት የሚቈጠረው መድኀኒት እንግዲህ ይህ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ላፕቶፕ አስነሥቷል። የተበላሸ ፍላሽ ተሰክቶበት ብቻ የቆመ ላፕቶፕም በዚሁ ይገለጣል።

ስለ ቻርጀር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም፤ በዚህ ረገድ በየቤቱ የሚደረገው ነገር ያስፈራል። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ በኛ 220 ቮልት ይቃጠላል እየተባለ ሲወራ ይሰማል። ጥያቄውን የሚመልሰው ወሬ ሳይሆን ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ነው፤ የሚቀበለው ከ100 እስከ 240 ቮልት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለበት፣ የላፕቶፕ ቻርጀሮችም አብዛኞቹ አላቸው፣ የኛ ኤሌክትሪክ አይጐዳውም። ችግሩ ጠፍጣፋው የአሜሪካ እግር ወደ ክቡ ሶኬታችን በሚገባበት አዳፕተር ላይ ነው፤ ከላላ ኤሌክትሪኩ ይመጣል ይሄዳል። ቻርጀር የሚተካ ሰው ደግሞ የሚያወጣው ቮልት ከላፕቶፑ ጋራ አንድ መሆኑን ማየት አለበት፤ ብዙዎቹ ዴልና ኤችፒ 19.5፣ ብዙዎቹ ሌኖቮ 20 ቮልት ናቸው። አምፔሩ ግን እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን አይጐዳም፤ ቢያንስ ነው ላፕቶፑ በርቶ የሚንገዳገደው። ጫፉ ስለ ገባ ብቻ ይሠራል ብሎ የጎረቤትን ቻርጀር መሰካት ላፕቶፑን በዕጣ ላይ መጣል ነው።

ባዮስ ራሱን ሲፈትን ችግር ካገኘ ስክሪን ስለሌለው በመብራት ወይም በጢጥታ ይናገራል። በብዙዎቹ የቅርብ ዓመታት የዴል ላፕቶፖች የባትሪው መብራት 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 3 ጊዜ ነጭ ሆኖ እያከታተለ ብልጭ ካለ «ራም አላገኘሁም» ማለቱ ነው። ኤችፒ ደግሞ በካፕስ ሎክ መብራት ይናገራል። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቋንቋ ስላለው ብልጭታውን ቈጥሮ ጽፎ፣ ከሞዴሉ ስም ጋራ በፋብሪካው መመሪያ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። በጥገና ቤት በር ላይም ቢሆን «አልሠራ አለ» ከማለት «2 ብርቱካናማ፣ 3 ነጭ ይላል» ማለት ሌላ ክብር አለው።

ራሙ ከተጠረጠረና ከቦታው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ካቻቢቴ የሚያስፈልገው አሁን ነው። በቅርቡ የሚሠሩት ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራማቸው በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ፣ እነሱን መክፈት ጥቅም የለውም። የሚወጣ ከሆነ ግን ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ የውስጡም ባትሪ ከማዘርቦርዱ ተለያይቶ፣ የመርማሪውም እጅ አስቀድሞ ቀለም ያልተቀባ ብረት ነክቶ መሆን አለበት፤ ሰውነታችን የሚያከማቸው ኤሌክትሪክ እኛ ሳናውቀው ቺፕ ይገድላልና። ራሙ ሲወጣ በወርቅ የተለበጡት ጥርሶቹ ጠቍረው ወይም አቧራ ለብሰው ሊገኙ ይችላሉ። በየጥገና ቤቱ በእርሳስ ላጲስ ሲታሹ ታያላችሁ። በእርግጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ላጲስ ወርቁን በጥቂቱ ይልጣል፣ ፍርፋሪውም ወደ መሰኪያው ይገባል፤ ንጹሕ አልኮልና ለስላሳ ጨርቅ ይሻላሉ። ከዚያ ራሙን አዘንብሎ ማስገባትና ሁለቱ የጐን መያዣዎች ጠቅ እስኪሉ መጫን ነው። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እያፈራረቁ መሞከር የታመመውን ይለያል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሁለት ነገር ለውጦ ያስነሣ ሰው የቱ እንዳስነሣው አያውቅም።

ባዮስ ደኅና ሆኖ የፋብሪካው ምልክት ከወጣ በኋላ ክቡ ነጥብ ብቻ እየዞረ የሚቀር ላፕቶፕስ? ይህ ዱላው ከዲስኩ ወይም ከዊንዶውስ እጅ የወደቀበት ነው። ለዚህ ዓይነት ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ በዚያ ቀን ጉድለት ያለበት አንድ ፋይል ለደንበኞቹ አሰራጨ። ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተሰናከሉ፤ በብዙ አገር አይሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ታወኩ። እነዚያ ሁሉ ኮምፒዩተሮች በርተው ነበር፤ ማራገቢያቸውም ይዞር ነበር፤ አንዱም ማዘርቦርድ አልተቃጠለም። በብዙዎቹ ላይ መድኀኒቱ ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ጓዝ በሚነሣበት መንገድ ገብቶ፣ ስሙ በ«ሲ-00000291» የሚጀምረውን ፋይል ማጥፋት ነበር። ይህም አንድ በአንድ፣ በሰው እጅ ነው የተደረገው።

በቤታችንም ያለው በር ያው ነው። ዊንዶውስ መነሣት ሲጀምር በተከታታይ 2 ወይም 3 ጊዜ ማብሪያው ተይዞ ቢቋረጥ፣ በራሱ የጥገናውን ገጽ ይከፍታል። ከዚያ ውስጥ የመጨረሻውን እርማት መመለስ ወይም በቁጥር 4 ሴፍ ሞድ መግባት ይቻላል። በሴፍ ሞድ በደኅና የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ አይደለም፤ በቅርቡ የተጨመረ ፕሮግራም ይጠረጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በጥገናው ገጽ ላይ ሁሉን አጥፍቶ ላፕቶፑን እንደ አዲስ የሚያደርግ ምርጫም አለ። በብዙ ጥገና ቤቶችም መጀመሪያ የሚነገረው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። ለጠጋኙ ይህ የሚቀል መንገድ ነው፤ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ላፕቶፑም በእርግጥ ይነሣል። ነገር ግን የዕድሩ ሒሳብና የሠርጉ ፎቶግራፍ አብረው አይነሡም። ስለዚህ ላፕቶፕ ስታስረክቡ «በውስጡ ያለው ሳይወጣ ፎርማት እንዳይደረግ» ብላችሁ በቃል ብቻ ሳይሆን በደረሰኙ ላይ አስጽፉ እንላለን። ፋይሉ አስቀድሞ የሚወጣበት መንገድ አለ። ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሲስተም በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ላፕቶፑ ሲነሣ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ተጭኖ ከፍላሹ ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውስ ሳይነካ ዲስኩ ይከፈታል፤ የሚፈለገውም ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ላፕቶፑ ፈጽሞ ካልተነሣም፣ ዲስኩ የሚወጣ ዓይነት ሲሆን አውጥቶ በዩኤስቢ ማቀፊያ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋራ ማያያዝ ይቻላል። የድሮው ዓይነት፣ በውስጡ ሳሕን የሚዞርበት ሃርድ ዲስክ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ ዳግም ሙከራ ከጽሑፉ አንድ ነገር ይፍቃል። ዲስክ የሚያርሙት ፕሮግራሞችም ከመገልበጡ በፊት አይነኩም።

በዚህ ላይ አንድ አዲስ መሰናክል አለ፤ ብዙ ሰውም አያውቀውም። በብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስኩ በራሱ በምስጢር ጽሕፈት ይቈለፋል። ሌባ ቢሰርቀው እንዳያነብ ነው፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በጥገናው ገጽ በኩል ሲገባ፣ ማዘርቦርዱ ሲለወጥ፣ ዲስኩም ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ይጠየቃል። ያ ቁጥር ከሌለ የዓለም ጠጋኝ ቢሰበሰብ አይከፍተውም። ቁጥሩ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የአካውንቱን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑን ገዝቶ ያዘጋጀው በውጭ አገር ያለው ዘመድ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ላፕቶፑ ዛሬ ደኅና ሳለ፣ ማታ ወደዚያ ዘመድ ደውላችሁ ቁጥሩን ጠይቁና እንደ ቤት ካርታ በወረቀት ጽፋችሁ አኑሩት።

በቤት የማይነካም አለ። ባትሪው ያበጠ፣ ማለትም ኪቦርዱ ወይም በጣት የሚዳሰሰው ሠሌዳ ወደ ላይ የተነሣ ላፕቶፕ አይሰካም፣ ባትሪውም አይወጋም፤ ሊቲየም እሳት ነው። የመቃጠል ሽታ የሚሸትም እንዲሁ። ቡና ወይም ሻይ የፈሰሰበት ወዲያው ይጠፋል፣ ይነቀላል፣ ይገለበጣል፤ «እስቲ ይሠራ እንደ ሆነ» ብሎ ማብራት ነው የሚገድለው፤ በሩዝ ውስጥ መቅበሩም ስኳሩን አያጥበውም። እነዚህን የሚችል በአጉሊ መነጽር ሥር ከአሸዋ የምታንስ ቁራጭ አንሥቶ የሚበይድ ባለሙያ ነው፤ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችም በከተማችን አሉ። ከላይ ያማነው ሳያይ የሚፈርደውን እንጂ እነሱን አይደለም፤ ዋጋቸውም ይገባቸዋል።

ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሳይንስ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ላፕቶፖች አስቀምጠናል። ሦስቱም ይበራሉ፤ ሦስቱም መልስ አይሰጡም፤ የሦስቱም ምክንያት ለየብቻ ነው። ወረቀትና እርሳስ አጠገባቸው አለ፤ የምክንያቱን መልስ ጽፎ በሣጥኑ ለሚያስገባ ሁሉ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሣጥኑን ከፍተን እናነባለን። ሦስተኛውን ለመክፈት የሚሻ ካለ ከክበቡ አንድ ልጅ አብሮት ይቆማል፤ ብሎኖቹ 11 ናቸው፤ ማታም ስንቈጥራቸው 11 ሆነው እንድናገኛቸው አደራ እንላለን።